ያ ስልክ ባይነሳ ኖሮ

ልጅ እያለሁ የተቆለፈ በር አልወድም ነበር፤ ካደግሁ ወዲህ ደግሞ እጠላለሁ። ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ፣ ከተሰባበሩ ሬዲዮኖችና ከተጠቀለለ ሽቦ መሃል፣ አንድ ግራጫ ሞደም አየሁ። ከመጽሐፍ የማይበልጥ፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ መብራቶች የተደረደሩበት የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ሻጩ ምንነቱን አላወቀውም። «ዲኮደር ነው እትዬ፣ ይሠራል፣ ውሰጅው» አለኝ። ሳልገዛው አለፍኩ። እኩዮቼ ስለ ልጅነታቸው ሲጽፉ ስለ እሸትና ስለ ሆያ ሆዬ ይጽፋሉ፤ እኔም ብችል ደስ ይለኝ ነበር። እኔን ግን ያ ሳጥን መልሶ የወሰደኝ መካነ ሰላም ወደሚገኘው ትምህርት ቤታችን፣ ወደ አንድ የተቆለፈ ክፍልና ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ወደሚያንቃጭል አንድ ሰው ነው።

ኮምፒውተሮቹ የመጡት ዘጠነኛ ክፍል እያለን ነው። በአይሱዙ ተጭነው፣ ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ያለውን አቧራ ሁሉ ለብሰው መጡ። ያን ቀን የተማረ ሰው የለም። ካርቶኖቹ ሲወርዱ ግቢው ሙሉ ተማሪ ተሰልፎ አጨበጨበ፤ ካርቶኑ ሲቀደድ የወጣው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ከዚያ ክፍሉ የብረት በር ተገጠመለት፣ መስኮቱ በመጋረጃ ተሸፈነ፣ ኮምፒውተሮቹም ሰማያዊ ልብስ ለበሱ። ቁልፉ በርዕሰ መምህሩ እጅ ገባ። ስሙን አልጽፍም። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አልልም። አርብ አርብ ክፍሉን የምንጠርገው እኛ ሴቶቹ ነበርን። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ መጥረጊያችን የኮምፒውተሩን ልብስ ጫፍ ከነካ «ቀስ! ይበላሻል!» ይላል። ለመጥረግ የተፈቀደለት እጃችን ለመንካት አልተፈቀደለትም።

የኮምፒውተር መምህራችን ቲቸር እንድሪስ ይባላል። የደሴ ልጅ ነው፤ ገና ከኮሌጅ መውጣቱ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። ቁልፍ ስላልነበረው ኮምፒውተርን በጠመኔ አስተማረን። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኪቦርድ ይስላል፣ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን፣ ጣታችንንም በወረቀቱ ላይ እያራመድን መተየብ እንለማመዳለን። አንድ ቀን የሲባጎ ጥቅል ይዞ መጣና ሜዳ ላይ አወጣን። ሲባጎውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያስያዘ ዞረ፤ ሜዳው የሸረሪት ድር መሰለ። «ኔትወርክ ማለት ይሄው ነው፤ እያንዳንዳችሁ ኮምፒውተር ናችሁ» አለን። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፈ፣ ቆራረጠው፣ በየቁራጩ ላይ ተራ ቁጥር ሰጠበት። ቁራጮቹ ፓኬት ይባላሉ፤ መልእክት ሲላክ እንዲህ ተቆራርጦ በየመንገዱ ይሄድና መድረሻው ላይ ያለው ኮምፒውተር በቁጥሩ ይገጣጥመዋል። አንዱ ቁራጭ ከጠፋ መድረሻው እንደገና እንዲላክለት ይጠይቃል።

መድረሻ የነበረችው ዘሀራ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የምጋራት ጓደኛዬ። የመካነ ሰላም ንፋስ እንደልማዱ አንዱን ቁራጭ ከእጄ ነጥቆ ወደ ባህር ዛፉ ወሰደው። ዘሀራ ሻሿ እስኪወርድ እየዘለለች «አልደረሰኝም! ድገሚልኝ!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ የሳቅንበት ትምህርት ትዝ አይለኝም። ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው በረንዳ ላይ ሆኖ ሲያየን ቆየና «መምህር እንድሪስ፣ ይሄ ትምህርት ነው ወይስ እቃቃ?» አለ። ቲቸር ሲባጎውን መጠቅለል ጀመረ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ዘሀራ ያን ቀን ከሁላችን በላይ የጓጓችበት ምክንያት ነበራት። ታላቅ እህቷ ሉባባ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ጅዳ ለቤት ሠራተኝነት ከሄደች ቆይታለች። መጀመሪያ ላይ ለቴሌ ቢሮ ትደውልና ጥሪ ይመጣል፤ እናቷ እትዬ ፋጡማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይሮጣሉ። በኋላ አሰሪዎቿ ስልክ ከለከሏት፤ ድምጿ ጠፋ። እትዬ ፋጡማ የአረብ አገር ተመላሽ መጣች በተባለበት ሁሉ፣ እስከ አጅባርም ሳይቀር፣ እየሄዱ ይጠይቁ ነበር። በመጨረሻ ከጅዳ የተመለሰች አንዲት የአጅባር ልጅ ሉባባን እንደምታውቃት ነገረቻቸው። ደህና ናት፤ የአሰሪዎቿ ተማሪ ልጅ ወላጆቿ ሳያዩ ኢሜይል ከፍታላታለች፤ አድራሻውም ይሄው አለቻቸው። እትዬ ፋጡማ ኢሜይል ምን እንደሆነ አያውቁም። «የምን መንደር ነው እሱ?» ብለው ለዘሀራ ሰጧት። በመካነ ሰላም ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሊኖር የሚችልበት ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ብረት በር ያለው ክፍል።

በሩ የተከፈተው ከዞን እንግዶች ሲመጡ ነው። ርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተሮቹ ሲሠሩ እንዲታዩለት ፈለገና ቲቸር እንድሪስን ሞደሙን እንዲያገናኝ አዘዘው። ትምህርት ቤቱ ያለው የስልክ መስመር አንድ ነው፤ ስልኩ የተቀመጠው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። ቲቸር ከዚያው መስመር ሽቦ ቀጥሎ በግድግዳው ቀዳዳ አሳለፈው። እንግዶቹ አይተው፣ አጨብጭበው፣ ርዕሰ መምህሩ ምሳ ሊጋብዛቸው ይዟቸው ሲወጣ ቲቸር በመስኮት ጠራንና «ቶሎ በሉ» አለን።

ሞደሙ እንደ ስልክ ደወለ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። ያልሰማው አያውቀውም፤ የሰማው አይረሳውም። ያፏጫል፣ ይንጫጫል፣ አሸዋ በወንፊት እንደሚነፋ ይንሿሿል። እኔ ተበላሸ ብዬ ወደ በሩ ሸሸሁ። ቲቸር ሳቀብኝ። ይሄ ሞደም የኮምፒውተሩን ቋንቋ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፣ ድምፁ በስልክ ሽቦ ይሄዳል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሞደም ደግሞ ድምፁን መልሶ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ ይለውጠዋል አለን። «አሁን ሰላም እየተባባሉ ነው። እንደ ወሎ ሰው ናቸው፤ ከብቱም ሰላም፣ እህሉም ሰላም ሳይባባሉ ጉዳይ አይጀምሩም።» ድምፁ ጸጥ ሲል መብራቶቹ ረግተው በሩ። ገብተን ነበር።

ለዘሀራ አድራሻ ከፈተላት፤ የይለፍ ቃሉን ፊቱን አዙሮ ራሷ እንድትጽፈው አደረገ። ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው አማርኛችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍነው። የሉባባ አድራሻ ትክክል መሆኑን ለማወቅ አጭር ይሁን አለ፤ እትዬ ፋጡማም ታምመው መተኛታቸውን ለልጃቸው እንዳንነግር አስጠንቅቀውናል። «በረቢ እንዳታስደነግጧት፣ በሰው አገር ናት» ብለው ነበር። ስለዚህ ደህና ነን፣ አንቺስ ደህና ነሽ ወይ፣ ዘሀራ ነኝ፣ ይሄ ከደረሰሽ መልሺልኝ የሚል ብቻ ላክን። የወረቀት ኪቦርድ የለመዱት የዘሀራ ጣቶች እውነተኛው ላይ ፊደሎቹን እንደ አዲስ አንድ በአንድ ፈለጉ።

መልሱን ለማየት በሩ እንደገና መከፈት ነበረበት። ቲቸር ፈቃድ ጠየቀ፤ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል ተባለ። እንደገና ጠየቀ፤ ሞደሙ ያረጃል ተባለ። በመጨረሻ አቧራ ላራግፍ ብሎ ቁልፉን ተቀበለና ርዕሰ መምህሩ ለስብሰባ ወደ ወረዳ ሲሄድ ጠብቆ እኔንና ዘሀራን አስገባን። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ልንጽፍላት ነው፤ የእናቷን ሕመምም ጭምር። ስልኩ ከተነሳ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ አንድ መስመር ሁለት ሥራ አይሠራም ብሎ ቲቸር ደጋግሞ ነግሮናል፤ ቢሮው ግን ተዘግቷል፣ የሚያነሳው የለም።

ሞደሙ ጮኸ፣ ሰላም ተባባለ፣ ገባን። ገጹ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ወረደ፣ መጋረጃ እንደሚወርድ። መጀመሪያ ሰማያዊ መስመር፣ ከዚያ የዘሀራ ስም፣ ከዚያ በደማቁ የተጻፈ አንድ ቃል፤ ሉባባ። ዘሀራ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቲቸር «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ እየመጣ ነው» እያለ ስሙን ተጫነው። ገጹ ነጣ፤ ጽሑፉን እያመጣ ነበር። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ የቢሮው በር ሲከፈት ሰማን፤ ወንበር ተጎተተ። ስልኩ ተነሳ። ሞደሙ አንዴ ጠቅ አለ፤ መብራቶቹ ጠፉ። ገጹ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባው ተሰርዞ ተመልሶ ነበር። ስልኩ ውስጥ የሞደሙን ጩኸት ሰምቷል መሰለኝ በሩን በርግዶ ገባ።

«ማን ፈቀደላችሁ?»

ቲቸር እንድሪስ ተነስቶ ቆመ። «እኔ ነኝ ያስገባኋቸው። የልጅቷ እህት ከጅዳ ጽፋላት ነው። ድምጿን ከሰሙ ዓመት ሆኗቸዋል። እሱን እናንብብና እዘጋለሁ።»

«የመንግሥት ንብረት የተሰጠን ለአረብ አገር ወሬ ነው?»

ዘሀራ መሬት ላይ ተንበረከከች። ጓደኛዬ ለማንም ስትንበረከክ አይቼ አላውቅም። «ጋሼ፣ ልጅዎ ልሁን፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ብቻ ላንብበው። መጥቷል እኮ! ስሟን አይቼዋለሁ!»

«ነገ» አላት። «ነገ ቢሮ መጥተሽ ታመለክቻለሽ።» ይህን እያለ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ከግድግዳው ነቀለ፣ ሞደሙ ላይ ጠቀለለው፣ ብብቱ ሥር ይዞት ወጣ። ሳያይ የሄደው የዘሀራን ፊት ነው። ቢያይ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ስለ እሱ በሌላ ቃል እጽፍ ነበር።

በነጋው ሄድን፤ ኮሚቴው ይወስናል አለ። ከዚያም ኮሚቴው አልተሰበሰበም፣ ከዞን ደብዳቤ ይጠበቃል፣ ነገ ኑ። የዘሀራ አባት ሼህ ሙሄ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ጎልማሳውም ሕፃኑም እጃቸውን የሚስማቸው ሰው ናቸው። ለራሳቸው ጉዳይ የማንንም ቢሮ ደጅ ጠንተው አያውቁም። ያን ጊዜ ግን ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ሄዱ፤ ዘሀራና እኔ ተከተልናቸው። ርዕሰ መምህሩ ከወንበሩ ተነሳላቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው። «ሼህ፣ እርስዎ አዋቂ ነዎት፣ መመሪያ ነው፤ በቅርቡ ይከፈታል፣ ነገ ተነገ ወዲያ» አላቸው። ሼህ ሙሄ ሻዩን አልነኩም። «ልጄ፣ እኛ ዘንድ ኢልም፣ ዕውቀት የደበቀ ሰው ትልቅ ወንጀል ነው የሚሸከመው» አሉት በለሆሳስ። «ይሄ ደግሞ ኢልም ብቻ አይደለም። አማና ነው፣ አደራ። ልጄ የላከችው ቃል አንተ ቤት ተቀምጧል።» እሱ ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» አለ። በሩ ግን አልተከፈተም።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እምቢ ቢለን ደሴ እንሄድ ነበር፤ ደሴ ላይ ኢንተርኔት ቤት እንዳለ ቲቸር ነግሮናል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እናትየው ታመዋል፣ አዝመራ ደርሷል፣ ሴት ልጅ ብቻዋን አትላክም፤ ቢሆንም እምቢ ቢባሉ ሼህ ሙሄ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። እሱ ግን እምቢ አላለም። ነገ አለ። የተከበረ ሰው ነገ ካለ ነገ ነው ብለን አምነን ጠበቅን። ቲቸር እንድሪስም ብዙ ሳይቆይ መኪና ወደማይገባበት፣ ወደ አባይ በረሃ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሲሰናበተን አልሳቀም። በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ «ሞደም ምንድን ነው? አብራሩ» የሚል ጥያቄ መጣልን። በቃሌ የያዝኩትን አንድ ሳልሳሳት ጻፍኩ፤ ሙሉ አገኘሁ። ሞደሙ ያኔ ከፈተና ክፍላችን ቀጥሎ ባለው ቢሮ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ዘሀራ ያንን ጥያቄ ባዶ ተወችው።

ክረምት ላይ የእትዬ ፋጡማ ሕመም ጠናና ደሴ ሆስፒታል ገቡ። እኔም አክስቴ ቤት ደሴ ነበርኩ። ዘሀራና ሼህ ሙሄን ይዤ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሄድኩ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ዘሀራ የይለፍ ቃሏን ጻፈች፣ ገጹ ወረደ፤ የሉባባ ስም በደማቁ ተደርድሮ ጠበቀን። ከታችኛው፣ መጀመሪያ ከመጣው፣ ጀመርን። ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው ይላል፤ ሰዎቹ ትኬት እንቁረጥልሽ ወይስ ትቆያለሽ እያሉኝ ነው፤ እማ ደህና ናት? ልምጣ? ቶሎ መልሱልኝ። ያ ገጹ ነጭ ሆኖ የቀረብን መልእክት እሱ ነበር። ቀጣዩ፣ አልደረሳችሁም እንዴ ይላል። ከዚያ፣ ቅር ያሰኘኋችሁ ነገር አለ ወይ፣ አባን ይቅር ይበሉኝ በሉልኝ ይላል። የመጨረሻው አጭር ነው። ዝም ስትሉኝ ቆዪ ማለታችሁ ነው ብዬ ፈረምኩ፤ ለሌላ ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ሰጥተውኛል፤ ከእንግዲህ በዚህ አታገኙኝም፤ እማን ሳሙልኝ።

ዘሀራ ጮክ ብላ ስታነብ ቆይታ እዚያ ላይ አቆመች። ሼህ ሙሄ ወጥተው ከደጁ ድንጋይ ላይ፣ ዝናቡ ላይ፣ ተቀመጡ። «ኢናሊላሂ» አሉ። አመሻሽ ላይ ሆስፒታል ስንገባ እትዬ ፋጡማ ቀና ለማለት ሞከሩ። «ምን አለች?» ዘሀራ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «ትመጣለች እማ። ደህና ናት፤ ትመጣለች» አለቻቸው። እናትየው «አልሃምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መስከረም ሳይጠባ ሞቱ።

ሉባባ የመጣችው እኔና ዘሀራ ትዳር ከያዝን በኋላ ነው። ከአውቶቡስ ስትወርድ አላወቅናትም፤ ፊቷ የእናቷን ሆኗል። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለምን ዝም አላችሁኝ የሚል ነበር። ዘሀራ ነገረቻት። ስለ መስመሩ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ። ሉባባ አዳምጣ ስትጨርስ ያለችው «እኔ እኮ የጠላችሁኝ መስሎኝ፣ ያን ሁሉ ዓመት» ነው። አልተቆጣችም። ለመቆጣት የሚሆን ጉልበት አልተረፋትም። እኔ የእሷንም ቁጣ ጨምሬ ይዣለሁ። ኮምፒውተሮቹ ጊዜ አልፎባቸው፣ ከነሰማያዊ ልብሳቸው፣ ማንም ሳይነካቸው ከግቢው ሲወጡ አይቻለሁ። ከመጡበት ቀን ይልቅ አዲስ ነበሩ።

ዛሬ የጎረቤቴ ልጅ ሪያድ ናት። እናቷ ከሰዓት በኋላ ስልኳን አጥሩ ላይ አስደግፋ ታወራታለች፤ የወለደችውን ላም ታሳያታለች፣ ስንዴው ምን ያህል እንደደረሰ ታሳያታለች፣ ልጅቷም የምትጠርገውን ሳሎን ታሳያታለች። አንዳንዴ ኔትወርክ ይጠፋና «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለች ወደ ጉብታው ትወጣለች። ሳያት ደስ ይለኛል፤ እትዬ ፋጡማ ግን ይሄንን ሳያዩ ሄዱ። የእኛ ዘመን ልጆች ያ የድሮው ቀርፋፋ ኢንተርኔት ደስ ይል ነበር ሲሉ እሰማለሁ። ይል ነበር። ቀርፋፋነቱ አይደለም የጎዳን፤ ከጅዳ መካነ ሰላም በዚያች ቀጭን ሽቦ ደርሶልን ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ጡረታ ወጥቷል፤ በዱላ ነው የሚሄደው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ እኔም እጅ ነስቼ እመልስለታለሁ፤ አሳዳጊዎቼ ያስተማሩኝ እሱን ነው። አንድ ቀን ነገሩን አነሳሁበት። የቱ ሞደም፣ የቷ ልጅ፣ አላስታወሰም። ዘሀራ «ተይው ብርቱኬ፣ ሽማግሌ ሆኗል፣ ይቅር በይው፣ እኛ እንኳ ይቅር ብለናል» ትለኛለች። እሷ የምትለው ከልቧ ነው፤ የአባቷ ልጅ ናት። እኔ ግን ይቅርታ የሚጠየቅ ነገር እንጂ ሳያስታውሱት የሚወሰድ ነገር አይመስለኝም። እስኪያስታውስ ድረስ እጠብቀዋለሁ።